ብስክሌትዎ መርካቶ ተገኘ? እንኳን ደስ ያለዎ!

አዲስ አበባ ብስክሌት መውደድ ጀምራለች። የኮሪደር ልማቱ ከእግረኛው መንገድ ጎን የብስክሌት መስመር አስምሮ ካለፈ ወዲህ፣ ለልጅ ልደት ብቻ ይገዛ የነበረው ብስክሌት ጎልማሳውንም ሥራ ቦታው ማድረስ ይዟል። መንገዱ አለ፤ ብስክሌቱ አለ፤ ሌባውም እንደ ቀድሞው አለ። የጎደለን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የተሰረቀ የሚመስል ብስክሌት መርካቶ ውስጥ ያየ ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያስተምር ጨዋ መመሪያ። ይኸው አዘጋጅቼዋለሁ። ከኪሴ የጨመርኩት የለም፤ መኪና ያላቸው ወገኖቻችን ለዓመታት በስፖኪዮ ላይ የተለማመዱትን ወደ ሁለት ጎማ አወረድኩት እንጂ።

የስፖኪዮውን ሥርዓት ለማያውቅ ላስታውስ። ጠዋት ሲነሱ የመኪናዎ የግራ ስፖኪዮ የለም። ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ቃል መስጠት ጊዜ ማባከን ስለሆነ በቀጥታ ሶማሌ ተራ ይወርዳሉ። የመኪናውን ዓይነትና የተሠራበትን ዘመን ለአንዱ ደላላ ሹክ ይሉታል። «ጋሼ፣ እዚህ ቁጭ ይበሉ» ብሎዎት ይሰወራል። ያዘዙትን ማኪያቶ ሳይጨርሱ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስፖኪዮ ይዞ ከተፍ ይላል። መስታወቱ ጥግ ላይ የራስዎ የታርጋ ቁጥር ተቀርጾ ቢያገኙት አይደንግጡ። ለመኪናዎ ልክ ለመሆኑ ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ? ደላላውም ይህንኑ ይነግርዎታል፤ «ኦርጅናል ነው ጋሼ፤ ሌላ ቦታ ቢዞሩ እንዲህ ልክክ የሚል አያገኙም።» ከፍለው፣ መርቀው፣ የሻይም ጨምረው ይመለሳሉ።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሶማሌ ተራ ውስጥ የተጋጨ መኪና ገዝቶ፣ ፈታትቶ፣ ክፍሉን በሐቅ የሚሸጥ ነጋዴ ሞልቷል። ከእሱ ይጠንቀቁ። ዕቃውን ከየት እንዳመጣው ይናገራል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ዋጋውም ወደድ ይላል። እሱ ዘንድ የገዛ ሰው ማታ ለጓደኞቹ የሚያወራው ጀብዱ አይኖረውም።

አሁን ወደ ብስክሌቱ። ከምናለሽ ተራ ወጣ ብሎ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ብስክሌት ይዞ ይመጣል እንበል። አይነዳም፤ ይገፋል። ኮርቻው ለቁመቱ ከፍ ያለ ነው። ከኮርቻው ሥር የሰንሰለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ የተቆረጠበት ጫፍ ገና አልዛገም፣ ያብረቀርቃል። መሪው ላይ አንድ ሕፃን ስሙን በስቲከር ለጥፎ ኖሮ፣ በጥፍር ተፍቆ «ቤ» የምትለው ብቻ ቀርታለች። ልጁ ግራ ቀኝ እያየ «ጋሼ፣ በርካሽ ልልቀቅልዎት» ይላል። እርስዎ ትንፍሽ ሳይሉ ዋጋውን ራሱ ይቀንሰዋል።

ያልሠለጠነ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳትና «ይሄ የማን ነው?» ይላል። የሠለጠነው እንዲህ አያደርግም። መጀመሪያ ነገር አያጎነብስም። የብስክሌት መለያ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ከፔዳሎቹ መገጣጠሚያ ሥር ብረቱ ላይ ተመትቶ ይገኛል፤ እሱን ለማየት ማጎንበስ ሻጩን መጠርጠር ነው፤ ጨዋ ሰው ደግሞ ሰው አይጠረጥርም። ቀጥሎ ታሪኩን ያምናል። በመንገድ የሚሸጥ ብስክሌት ሁሉ ወይ አጎት ከዱባይ የላከው ነው፣ ወይ ባለቤቱ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሄዷል፣ ወይ እናት ታማ ለመታከሚያ የሚሸጥ ነው። በመጨረሻ ይከራከራል። ልጁ አሥር ሺህ ካለ እሱ አራት ይላል። ልጁ ቸኩሏል፤ ብስክሌቱን ይዞ በቆመ ቁጥር ባለቤቱ ሊደርስበት እንደሚችል ይፈራል። ገዢው ይህን አሳምሮ ስለሚያውቅ ነው ከአራት ሺህ ንቅንቅ የማይለው። ብስክሌቱ የተሰረቀ መሆኑን ግን በፍጹም አያውቅም።

ይህ አለማወቅ ሕጋዊ መሠረት አለው። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በወንጀል የተገኘ መሆኑን እያወቀ ዕቃ የገዛን ሰው በአንቀጽ 682 መሸሸግ በሚባል ወንጀል ያስቀጣዋል። እንዲህ ከሆነ ማን ያውቃል? የቲማቲምን ዋጋ ከመርካቶ እስከ ሰፈሩ ጉልት በቃሉ የሚወጣ ሰው፣ ደህና ብስክሌት በግማሽ ዋጋ ለምን ተሸጠልህ ሲባል አራስ ልጅ ይሆናል። ስለ ደረሰኝም ያለን አቋም እንደዚሁ የሚደነቅ ነው። በኅዳር 2017 የደረሰኝ ቁጥጥር በረታ ተብሎ መርካቶ ውስጥ ሱቅ እስከ መዝጋት ሲደረስ፣ በየታክሲው ስለ ደረሰኝ ያልተፈላሰፈ ሸማች አልነበረም። ያው ፈላስፋ ከልጁ ብስክሌት ሲገዛ ደረሰኝ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም።

ብስክሌቱ የማያውቁት ሰው ሳይሆን የጎረቤትዎ ልጅ ንብረት መሆኑን ቢለዩትስ? ያን ጊዜ ነገሩ ይቀላል። ድሮ አንድ ሰው «በሕግ አምላክ!» ካለ በፈረስ የሚጋልበውም ይቆም ነበር ይባላል። አሁን እንዲህ ቢሉ የሚቆመው ሰው ሳይሆን እርስዎን ለማየት የሚሰበሰበው መንገደኛ ነው። ስለዚህ ከነገሩ ጦም እደሩ። ለፖሊስ መደወል ምስክርነት ያመጣል፣ ምስክርነት ቀጠሮ ያመጣል፤ ጎመን በጤና። ይልቅ ማታ ጎረቤትዎ ቤት ጎራ ይበሉና ያጽናኗቸው፤ «ብረት ነው፣ ይተካል፤ ዋናው የልጁ ጤና ነው» ይበሏቸው። የቀረበውን ቡና እስከ በረካ ይጠጡ። ሲወጡ አንድ ጎበዝ ደላላ እንደሚያውቁ በጆሯቸው ጣል ቢያደርጉ ደግሞ ባለውለታ ሆኑ ማለት ነው።

እኔ በበኩሌ ነገሩ ወግ ማዕረግ ቢያገኝ ደስ ይለኛል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደዚህ ካዛወረው ወዲህ መርካቶ ለሁሉም ዕቃ ተራ ሰጥታለች፤ ሸማ ተራ፣ ዶሮ ተራ፣ ቆርቆሮ ተራ፣ ሳጥን ተራ። የተሰረቀ ዕቃ ብቻ የእኔ የሚለው ተራ የለውም፤ በየተራው ተበትኖ ይንገላታል። አንድ «የተሰረቀ ተራ» ይከፈትለት። ሰው ጠዋት የተወሰደበትን ከምሳ በኋላ መታወቂያ አሳይቶ መልሶ ይግዛ። ደላላው ፈቃድ ያውጣ፤ 15 በመቶ ቫትም ይታከልበት። ንብረታችን ለምን በሰው ቤት ያድራል?

የመርካቶን ስም ያወረሱን ጣሊያኖች እንኳ እዚህ ደረጃ አልደረሱም። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 በሠራው «የብስክሌት ሌቦች» ፊልም ውስጥ፣ ሥራውን በጀመረ ቀን ብስክሌቱ የተሰረቀበት ድሃ ከትንሽ ልጁ ጋር የሮምን ገበያ ሲያስስ ይውላል። ጎማው አንድ ጋ፣ ፔዳሉ ሌላ ጋ ተዘርግቶ እያየ የራሱን መለየት ያቅተዋል። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጦ ራሱ የሰው ብስክሌት ሲሰርቅ ልጁ ፊት ይያዛል። ምስኪን! አንድ ደላላ ቢያውቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ውርደት ይቀርለት ነበር። እኛ የሰው ብስክሌት የምንወስደው ከፍለን ነው።

ይህን በማለቴ ለሌባ እንራራለን ብሎ የሚጠረጥረን እንዳይኖር። አንድ ልጅ ከሰው ኪስ ስልክ ሲመዝ ይያዝና «ሌባ! ሌባ!» ይባል፤ ግማሽ መርካቶ ይደርሳል። ተሸካሚው በጥፊ፣ ባለሱቁ በርግጫ፣ ክራቫት ያሰረው መንገደኛ በጫማው አፍንጫ ይለዋል። መንገደኛው ከመርገጡ በፊት በእጁ ይዞት የነበረውን ስልክ ኪሱ ይከተዋል፤ ባለፈው ሳምንት ያለ ካርቶን፣ ያለ ቻርጀር፣ ከመንገድ ላይ የገዛውን ስልክ። ልጁ በደም ርሶ መሬት ላይ ይቀራል። መንገደኛው ክራቫቱን አስተካክሎ ይሄዳል። እሱን ማን ይነካዋል? ደንበኛ እኮ ነው።

በአፄ ምኒልክ ዘመን ዕቃ የጠፋበት ሰው ሌባ ሻይ ያስወጣ ነበር። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣል፤ ወገቡ ላይ መቀነት ይታሰርና ጫፉን የያዘ ሰው ይከተለዋል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ዞሮ ዞሮ የወደቀበት ቤት ጌታ ሌባ ተብሎ ይያዛል። ስንት ንጹሕ ሰው ያስቀጣ ግፍ ነበርና መቅረቱ ደግ ሆነ። ለእኛማ ከሁሉም ይልቅ ደግ ሆነ። ያ ልጅ ዛሬ መርካቶ ላይ ቢለቀቅ ሶማሌ ተራን ያልፋል፣ ምናለሽ ተራን ያልፋል፣ ከዚያ አውቶቡስ ተራ ታክሲ ተሳፍሮ ሰተት ብሎ የሚመጣው ወደየቤታችን ነው፤ የሚወድቀውም በረንዳችን ላይ፣ በአራት ሺህ ብር ከተገዛው ብስክሌት ሥር። እኛም ክፉዎች አይደለንም። ደግፈን እናነሣዋለን፣ ውሃ እናጠጣዋለን፣ አይዞህ እንለዋለን። ከዚያ ወገቡ ላይ የቀረችውን መቀነት በጣታችን ዳሰስ አድርገን «ይቺን ስንት ትላታለህ?» እንለዋለን።