ሰዋስው ያመሰው ቤት

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ
ደብረ ማርቆስ

ጋሼ፣ ባለፈው በስልክ «ማሙሽ ምን እየተማረ ነው?» ብለው ሲጠይቁኝ «ሰዋስው» ብዬ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ እንደሰማሁት እርስዎ ለዘመድ አዝማዱ ሁሉ «የእኅቴ ልጅ አሜሪካ ተቀምጦ እንደ ቅኔ ተማሪ ግስ ያወርዳል» ብለው አስወርተዋል። ኧረ ጋሼ! የእንግሊዝኛ ሰዋስው ነው፤ እሱም አልወርድለት ብሎናል። ነገሩ በስልክ የሚዘለቅ ስላልሆነ ይኸንን ደብዳቤ በሚመጣ ሰው እጅ ልኬልዎታለሁ።

ማሙሽ 15 ዓመት ሞልቶታል። ቁመቱ አባቱን አልፎ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ማሙሽ መባሉ ግን አልቀረለትም። ትምህርቱን የሚማረው ቤት ነው። በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ እቤት መማሩ ጣመውና «በዚሁ ልቀጥል» አለ፤ እኔም የሥራ ተራዬ ማታ ስለሆነ ቀን አብሬው እውላለሁ። የቨርጂኒያ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ግን እስካሁን አልፈቀዱልኝም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ አንዷ «ምን አጥፍቶ ነው ያባረሩት?» ትለኛለች፤ ሌላዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠበል ትጠቁመኛለች።

ሕጉ የሚፈልገው ጥቂት ነገር ነው። እስከ ኦገስት 15 ድረስ ለወረዳው የትምህርት ኃላፊ «ልጄን ቤት አስተምራለሁ፤ የምናጠናቸው ትምህርቶች እነዚህ ናቸው» ብሎ መጻፍ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እስከ ኦገስት 1 ልጁ መሻሻሉን በፈተና ወይም በገምጋሚ ደብዳቤ ማሳየት። ፈተና ከሆነ ውጤቱ ከ9 እርከን ከ4ኛው በታች መውረድ የለበትም። በየትኛው መጽሐፍ ይማር? ሕጉ እዚህ ላይ ትንፍሽ አይልም። የእኔ መከራ የጀመረው ከዚህ ነው። እኛ ስንማር ትምህርት ሚኒስቴር አንድ መጽሐፍ ያሳትማል፣ ያንኑ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት እንካፈላለን፣ አለቀ። እዚህ ግን በየዓመቱ በሰኔ ሪችመንድ ላይ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች ትልቅ ትርዒት አላቸው፤ የሰዋስው መጽሐፉ ዓይነት ብቻ ጠረጴዛ ጠረጴዛውን ሞልቶ ሲያዩት ወገብዎን ይይዝዎታል። ሻጩ ሁሉ ደግሞ «ልጁ ሰዋስው ይጠላል?» ብሎ ነው የሚጀምረው። እንዴት እንዳወቁብኝ!

ልጁ ክርክር አያጣም። «ማሚ፣ እኔ እንግሊዝኛ እናገራለሁ። የማውቀውን ነገር ለምንድን ነው የምማረው?» ይላል። እውነቱን ነው፣ ይናገራል። እኔን እንኳ ያርመኛል። የሚገርመው አራሚዋ እኔ መሆን ነበረብኝ። የእኛ ጊዜ መምህራን ኢፍ ክላውዝን ታይፕ 1፣ ታይፕ 2፣ ታይፕ 3 እያሉ፣ አክቲቭ ቮይሱን ወደ ፓሲቭ ቮይስ እያስገለበጡ፣ እንቅልፋችን ውስጥ ሳይቀር ከትተውልናል። ማሙሽ «ሚ ኤንድ ሂም» ሲል «ሂ ኤንድ አይ በል» እለዋለሁ። እሱም በትዕግሥት፣ ሕፃን እንደሚያባብል፣ «ልክ ነሽ ማሚ፤ ግን እንደሱ ብሎ የሚያወራ ሰው የለም» ይለኛል። እኔ ሕጉን አውቃለሁ፣ ቋንቋው ይቸግረኛል፤ እሱ ቋንቋውን ያውቃል፣ ሕጉ ያንገሸግሸዋል። በዚህ መካከል ሁለታችንም ሳንደማመጥ ምሳ ሰዓት ይደርሳል።

መናገሩ መናገር ነው፤ ሲጽፍ ግን ቢያዩት ያዝናሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከገጹ አናት ይነሣል፣ «ኤንድ» ብሎ ይቀጥላል፣ «ሶ» ብሎ ይታጠፋል፣ «ቢኮዝ» ብሎ ቁልቁል ይወርዳል፣ ከገጹ ግርጌ ወረቀቱ ስላለቀበት ብቻ ይቆማል። ነጥብ የለ፣ ኮማ የለ። ሲያነቡት ትንፋሽዎ ያጥርብዎታል።

ይህን ሳሳየው ምን ቢያመጣ ጥሩ ነው? ሁለት ገጽ ሰዋስው አላነብ ያለ ልጅ፣ ሰዋስው ላለመማር ሲል ጥናት አገላብጦ መጣ። በፈረንጆቹ 1963 ብራዶክ፣ ሎይድ ጆንስና ሾር የሚባሉ ምሁራን ስለ ጽሑፍ ትምህርት የተደረጉትን ጥናቶች መርምረው ነበር። ሰዋስው ለብቻው ተነጥሎ ሲሰጥ የልጆችን ጽሑፍ ለማሻሻል ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም፤ እንዲያውም የመጻፊያውን ጊዜ ስለሚሻማ ሊጎዳ ይችላል ብለው ደመደሙ። ማሙሽ ይህን እንደ ጠበቃ ቆሞ አነበበልኝ። እኔም «ይኸው አንተም ለብቻው አትማረውም፤ ከጽሑፍ ጋር ነው የምትማረው» አልኩት። ያን ያህል ምርምር አድርጎ በራሱ ላይ ፈረደ።

ወደ መጻሕፍቱ ልምጣ። አስቀድሜ ያመጣሁት «ሮድ ኤንድ ስታፍ» የሚባለውን ነው። የሚያሳትሙት ኬንታኪ ያሉ ሜኖናይት የሚባሉ ወግ አጥባቂ ክርስቲያኖች ናቸው። ጠንካራ ልባስ፣ ጭር ያለ ገጽ፣ መልመጃ በመልመጃ ላይ። ዓረፍተ ነገሮቹ ግን የእኛን ቀዬ የተዘዋወሩ ነው የሚመስሉት፤ ላም አለ፣ ድርቆሽ አለ፣ ጎተራ አለ፣ መጽሐፍ ቅዱስ አለ፣ የታዘዘውን የሚሠራ ልጅ አለ። እኔ እንደ ልብ ወለድ አነበብኩት፤ እንባዬም መጣ። ማሙሽ አንድ ምዕራፍ ታግሦ «ማሚ፣ እነዚህ ሰዎች ስንት ላም ነው ያላቸው?» አለና ዘጋው።

ቀጥሎ የዋንዳ ፊሊፕስ «ኢዚ ግራመር» መጣ። ይህቺ ሴት ብልህ ናት። ተማሪው መጀመሪያ 50 የሚያህሉ መስተዋድዶችን በቃሉ ይይዛል። ከዚያ በየዓረፍተ ነገሩ ውስጥ መስተዋድዳዊ ሐረጉን እየፈለገ በእስክሪብቶ ይሰርዛል፤ ከተረፈው ላይ ባለቤቱና ግሱ ፈጠው ይወጣሉ። ባለቤቱን በአንድ መስመር፣ ግሱን በሁለት መስመር ያሰምራል። ማሙሽ ዝርዝሩን ራፕ አድርጎ ያዘው፤ ታናሽ እኅቱም ከእሱ ሰምታ ያዘችው፤ አባታቸው ሳይቀር ታክሲውን እየነዳ «አባውት፣ አቦቭ፣ አክሮስ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ስረዛውንም ተካነበት። ኋላ ላይ «ይኼ ዓረፍተ ነገር ስለ ምንድን ነው የሚያወራው?» ስለው «የቱ ዓረፍተ ነገር?» አለኝ። ሳያነብ ነው የሚሰርዘው! የሚጽፈው ድርሰትም እንደ ቀድሞው፣ ያለ ነጥብ ይፈስሳል።

ሦስተኛው የሱዛን ዋይዝ ባወር ነው፤ የዚሁ የቨርጂኒያ ሴት ስትሆን ራሷም ቤት ውስጥ የተማረች ናት። ጥልቅ ነው፣ አይታማም። ነገር ግን መንገዱ የ4 ዓመት ነው። በየዓመቱ ያው ደንብ ከነመልመጃው በሌላ ቀለም ደብተር ይመለሳል፤ ሐምራዊ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ማሙሽ በጣቱ ቆጥሮ «ቢጫው ሲያልቅ 19 ዓመት ሊሆነኝ ነው» አለኝ። መጽሐፉን መለስኩት።

በዚህ ጊዜ ነው አባባ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስለ ዋሸራ ቅኔ ቤት የነገሩን ትዝ ያለኝ። ግስ ያወርዱ ነበር፣ እርባ ቅምሩን ያጠኑ ነበር፤ ግን ቅኔ ቤቱ እዚያ ላይ አያቆምም። ተማሪው ብቻውን ወጥቶ ቅኔ ይቆጥራል፣ ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ተመልሶ ለመምህሩ ይናገራል፣ መምህሩም ያርሙታል። ደንቡንና ሥራውን በአንድ ላይ ነው የሚውጡት። የ1963ቱ ምሁራን ዋሸራ ቢመጡ ብዙ ወረቀት በቆጠቡ ነበር።

እናም ጋሼ፣ በመጨረሻ የወሰድኩት «ፊክስ ኢት» የሚባለውን ነው። በየቀኑ ስሕተት ያለበት አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይሰጠዋል። ያርመዋል፣ ክፍሎቹን ይለያል፣ አስተካክሎ በደብተሩ ይገለብጠዋል። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ ተቀጣጥለው ደግሞ ታሪክ ይሆናሉ፤ እሱ የያዘው የሮቢን ሁድ ታሪክ ነው። ስሕተት መፈለግ ማሙሽ ከልጅነቱ እኔ ላይ የተለማመደው ሙያ ስለሆነ ወዲያው ተስማማው። ባለፈው ሳምንት «ዛሬ ይበቃል» ብዬው፣ ሮቢን ሁድ ይያዝ አይያዝ ለማየት ተደብቆ ወደፊት ሲያነብ ያዝኩት። ሰዋስው እያነበበ! ደስ ብሎኝ ሳልቆጣው ቀረሁ። የአከራያችንንም ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ አርሞ እዚያው ሊፍቱ ውስጥ መልሶ ለጥፎታል፤ እስካሁን የመጣ ደብዳቤ የለም።

አባቱ በበኩሉ የኮማን ነገር ያመነው በገንዘብ ነው። ሜን በሚባል ግዛት የወተት መኪና የሚነዱ ሾፌሮች፣ በትርፍ ሰዓት ሕጉ ውስጥ አንዲት ኮማ ባለመኖሯ ምክንያት፣ ሕጉ ክፍያ የሚከለክለው ለማሸግ ነው ወይስ ለማከፋፈልም ጭምር የሚለው አሻሚ ሆኖ፣ በ2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለእነሱ ፈረደላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ነገሩ በ5 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት አለቀ። ማሙሽ ይህን ሲያነብለት አባቱ መኪናውን አቁሞ «እኔስ ስንት ኮማ ጠፍቶብኝ ይሆን?» አለ።

ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሪድና ኬሎግ የሚባሉ የብሩክሊን መምህራን በ1877 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስለመዱትን ዓረፍተ ነገር በመስመር የመሳል ዘዴ እንሠራለን። ባለቤትና ግስ አግድም መስመር ላይ ይቀመጣሉ፤ መካከላቸው ቀጥ ያለ መስመር ቆርጦ ያልፋል፤ ገላጮቹ ከሥር አዘቅዝቀው ይንጠለጠላሉ። ሥዕል ስለሚወድ ይኸንንም ወደደው፤ ለክፋቱ ግን አዋለው። በእንግሊዝኛ «ሳሕን እጠብ» ስለው ስሎ አመጣልኝ። ትእዛዝ ስለሆነ ባለቤቱ ያልተነገረ ነው፤ በቅንፍ ውስጥ ይገባል። «ይኸው ማሚ፣ ማን እንደሚያጥብ አልተናገርሽም» አለኝ። እኔም በአማርኛ «እጠብ!» አልኩት። እጠብ ነው ያልኩት፤ እጠቢ አላልኩም፣ እኅቱን አይመለከትም፤ እጠቡም አላልኩም፣ አባቱም ነጻ ነው። ግሱ ራሱ ጠቁሞታል። ልጁ ደንገጥ ብሎ ሳሕኑን እያጠበ «አማርኛም ሰዋስው አለው እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ጋሼ፣ የአማርኛ መምህር እኅት ሆኜ ይህን ጥያቄ በጆሮዬ ሰማሁ። ስለዚህ ደብዳቤውን ያመጣልዎት ሰው በወሩ መጨረሻ ሲመለስ፣ በ1987 ዓ.ም. የታተመውን የባዬ ይማምን «የአማርኛ ሰዋስው» ይስጡልኝ። የብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስም የሰዋስው መጽሐፍ ከአባባ ሣጥን ውስጥ ካለ አብረው ይላኩት፤ ይዘቱ ቢከብደው እኔ አብሬው አነባለሁ። ሻንጣው ኪሎ ካለፈበት በርበሬውን ይቀንሱ፤ ሽሮውን ግን እንዳይነኩብኝ።

እኅትዎ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ