ጸረ-ቫይረስን አጥፍቶ ጸረ-ቫይረስ የመጫን ጥበብ

ራሱን እያባዛ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመተው ጎጂ ፕሮግራም፣ ቫይረስ የሚባለው፣ እንደ ወላይታ ሶዶ ያለ እንግዳ ተቀባይ አላገኘም ቢባል ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ቅር ይሰኙ ይሆናል፤ የሶዶ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ግን ለዚህ ማዕረግ በቂ ማስረጃ አላቸው። በ1999 ዓ.ም በተመሠረተው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የምረቃ ወቅት ሲደርስ፣ መመረቂያ ጽሑፍ የያዘ ፍላሽ ለኅትመት አንዱ ቤት፣ ለእርማት ሌላው ቤት እየተሰካ ስለሚዞር፣ የራሱን ጽሑፍ ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ የከተማውን ፍላሾች ሁሉ ቅርስ ወርሶ ይመለሳል።

ተጠቃሚው ግን ጥንቃቄ አይጎድለውም፤ ጸረ-ቫይረስን፣ ማለትም ጎጂ ፕሮግራምን ለይቶ የሚያግደውን ሶፍትዌር፣ እንደ ክታብ በኮምፒውተሩ ላይ ያንጠለጥላል። በ2012 እ.ኤ.አ. ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ ጸረ-ቫይረስ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አብሮ ቢመጣም፣ አምራቹ ራሱ የሰጠው ነገር የሚያጠራጥር በመሆኑ፣ አስተዋዩ ተጠቃሚ ስሙ ካልታወቀ ቸር ሰው የተገኘውን «ክራክ»፣ ማለትም የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ጸረ-ቫይረስ፣ ይመርጣል። የክራኩ መመሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው «በቅድሚያ ጸረ-ቫይረስዎን ያጥፉ» በሚል ትእዛዝ ነው፤ ተጠቃሚውም ለመጠበቅ ሲል መጠበቂያውን አጥፍቶ፣ ምንነቱን ለማያውቀው ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ሰጥቶ፣ በማያው ጥግ አረንጓዴ ምልክት ሲበራ እፎይ ይላል።

ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ባሰራጨው ማሻሻያ፣ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ፕሮግራም በራሱ እንዳይነሳ በቀደሙት ዊንዶውሶች ላይ ጭምር ሲከለክል፣ አብዛኛው የፍላሽ ቫይረስ የሰው ጣት ካልረዳው መንቀሳቀስ ተሳነው፤ ጣቱም አልተነፈገውም። «ሾርትከት ቫይረስ» የሚባለው እውነተኛዎቹን ፋይሎች ደብቆ በስማቸው አቋራጭ ምልክት ይተክላል፤ ባለፍላሹ ምልክቱ መለወጡን እያየ ሲጫነው ፋይሉም ቫይረሱም አብረው ይከፈታሉ። ጸረ-ቫይረሱ በቀይ ቢያስጠነቅቅ ወረፋ የያዘ ደንበኛ ስላለ ማስጠንቀቂያው ይዘጋል፤ ኮምፒውተሩ ሲንቀራፈፍ ደግሞ ጥፋተኛው ጸረ-ቫይረሱ ይሆንና ይወገዳል።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ፍሬድ ኮኸን ማናቸውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል በ1984 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ማሳየቱ እዚህ ቦታ የለውም፤ የሶዶን ክራክ መቼ አየና!

የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚቀጣው ጎጂ ፕሮግራምን እያወቀ የሚያሰራጨውን ስለሆነ፣ ሳያስተውል የሚያሰራጨው ትጉህ ንጹሕ ነው። ይህ ንጽሕና የሚበቃው አንባቢ በልማዱ ይጽና፤ የማይበቃው ግን ዊንዶውሱን ያድስ፣ ክራክ ይተው፣ የጽሑፉን ሌላ ቅጂ ከፍላሹ ውጭ ያኑር፤ የተጠቃሚውን ጣት ከማያውቀው ነገር ላይ የሚያነሳለት ሶፍትዌር እስካሁን አልተሠራም።