በግቢ የቆመ ላንድሮቨር፦ የመስክ ጥናት ከመቱና ከጎሬ

ኢሉባቦርን ሊያጠና የመጣ ሁሉ ወደ ያዩ ቡና ጫካ ይሮጣል። ጫካው በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። ከጓሮ ቡና ሥር ጎማው ሰርጎ የቆመውን ላንድሮቨር ግን እስካሁን የመዘገበው የለም፤ ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

መኪናው ግቢ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ በጨረታ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያገለገለ ተሽከርካሪውን «ባለበት ሁኔታ» ይሸጣል፤ አሸናፊው ሲፒኦ አስይዞ፣ ቀሪውን ከፍሎ፣ በአይሱዙ አስጎትቶ ያስገባል። ጎረቤት «እንኳን ደስ አለህ» ይላል። ለመስቀል በራሱ ሞተር እንደሚወጣ ለሁሉም ይነገራል። የየትኛው ዓመት መስቀል እንደሆነ የሚገልጽ ሰነድ አላገኘንም።

የሻንሲው ጉዳይ ሰፋ ያለ ምርመራ ይፈልጋል። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም አውደ ርዕይ ለዓለም ሲቀርብ እንግሊዝ ገና ከጦርነት መውጣቷ ነበር፤ ብረት እንደ ልብ ስላልተገኘ ቦዲው ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሻንሲው ግን ብረት ነው። የመቱ ዝናብ ደግሞ ብረት ይወዳል። ስለዚህ ከሰው በተቃራኒ የላንድሮቨር ሥጋው ይቀራል፣ አጥንቱ ይፈርሳል። ሻጭ በሩን በጣቱ አንኳኩቶ «ስማው እስቲ» የሚለውም ለዚህ ነው፤ ወደ ታች አያንኳኳም።

ጠንቃቃ መካኒክ በጀርባው ተንፏቆ ከሥር ይገባና ሻንሲውን በካቻቢቴ ይወጋል። ካቻቢቴው እስከ እጀታው ይጠልቃል። ከሥር ድምፅ ይጠፋል።

«እህ?» ይላል ባለቤቱ።

«ጋሼ፣ በብየዳ ይያዛል።»

በእኛ ግምገማ በመኪና ሙያ ከተነገረው ሁሉ ውዱ ዓረፍተ ነገር ይህ ነው።

የመለዋወጫ ዕቃው የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ፣ በአውቶቡስ ረዳት እጅ ነው። ነጋዴው በስልክ «የስንት ሞዴል?» ሲል «የድሮው» ይባላል። 600 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ መቱ የሚደርሰው ሞተሪኖም በእርግጥ የድሮ ነው፤ የሌላ መኪና ድሮ።

እስከዚያው ተሽከርካሪው ሥራ አልፈታም። ፀሐይ ብቅ ስትል ኮፈኑ ላይ በርበሬ ይሰጣል፤ ኋላው የቡና ጆንያ ይይዛል፤ ከጋቢናው ወንበር ሥር ዶሮ ትታቀፋለች። ዝናብ ያገተው ባለቤት አንዳንዴ መሪው ጋ ይቀመጥና ማርሽ ይሞክራል። አራቱም ይገባሉ። ዶሮዋ ቀና ብላ አይታው ወደ እንቁላሏ ትመለሳለች።

የዕድሳቱ ዓላማ በየግቢው አንድ ነው፦ ልጆቹን ሶር ፏፏቴ መውሰድ። ልጆቹ ከጓደኞቻቸው ጋር ፏፏቴውን ዓይተው ከመጡ ቆይተዋል፤ ይህ ግን ዓላማውን አልነካውም።

ለምን አይሸጠውም? መንግሥት አላገዘም። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገባ፣ ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ፤ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከለከለ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው የመኪናው ዋጋ ብቻ ነው። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ሊብሬውን ከቤቱ ካርታ ጋር በአንድ ፌስታል ቋጥሮ አስቀምጧል። ቦሎ አያሳስበውም፤ የቆመን መኪና ትራፊክ አያስቆምም።

የጥናታችን የመጨረሻ ግኝት ሁለተኛው ላንድሮቨር ነው። እሱም በጨረታ፣ ባለበት ሁኔታ፣ «ለመለዋወጫ» ተብሎ ተገዝቶ ከመጀመሪያው ጎን ይቆማል። ሲፈተሽ ሞተሩ ከፊተኛው ይሻላል፤ ሻንሲውም እንዲሁ። አሁን የሚያከራክረው የትኛው ለየትኛው መለዋወጫ ይሁን የሚለው ነው። መካኒኩ ለሁለቱም የሚሆን ሦስተኛ እንዲፈለግ ሐሳብ አቅርቧል።