የምድጃ እድር

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፣
ይጁቤ

እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን። ታሞ የከረመው ቦይለሩ ነው።

እናቴ በስልክ እንዳጫወተችኝ፣ ባለፈው ሰንበቴ ላይ «ያ ልጅ እንግሊዝ አገር ለምድጃ እድር ገባ አሉ» ብለው ሰዉን በሣቅ ፈጅተውታል። አንዱም ተቀብሎ «ምድጃው ሲሞት ድንኳን ይተከላል ወይ?» አለ አሉ። ወሬው እየተጋነነ ደብረ ማርቆስ ከመድረሱ በፊት እውነቱን በወረቀት ላስፍርልዎ ብዬ ነው ብዕር ያነሣሁት። ሐሜቱ ግማሹ እውነት ነው።

ቦይለር ማለት ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሳጥን ነው። ጋዝ በቧንቧ ይገባለታል፤ በዚያ ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ ደግሞ በየክፍሉ ግድግዳ ሥር በቆሙ ራዲያተሮች ውስጥ እየዞረ ቤቱን ያሞቃል። ራዲያተር ስል ዓባይ በረሃን ሲወጣ የሚፈላው የአይሱዙ ራዲያተር ትዝ ሳይልዎ አይቀርም። ሥራቸው አንድ ነው፤ ያ ሙቀቱን ለሜዳ ይበትናል፣ ይኼ ለእኛ። የመታጠቢያውም የዕቃ ማጠቢያውም ሙቅ ውሃ ከዚያው ሳጥን ነው የሚመጣው። እሱ ቀጥ ካለ ቤቱ በሙሉ ቀጥ ይላል።

ይጁቤም ብርድ አለ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። አለ፤ ነገር ግን ለእናንተ ረፋዱ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ መሞቅ አለ፤ ሲብስም ቁልቁል ወደ ዓባይ ወርዶ የቆላ ዘመድ መጠየቅ አለ። እዚህ ሊድስ በታኅሣሥ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ቁልቁል የሚወረድበት ቆላም የለም። ስለዚህ የእንግሊዝ ሰው ብርዱ ሲገባ ከሌባ ይልቅ የሚፈራው ቦይለሩ እንዳይከዳው ነው።

ይህን ፍርሃት ያዩ ኩባንያዎች ታዲያ «በየወሩ ይህን ያህል ክፈል፤ ቦይለርህ የተበላሸ ዕለት ባለሙያ እንልካለን፣ መለዋወጫውም ጉልበቱም ከእኛ» ይላሉ። ክፍያው እንደ ውሉ ስፋት በወር ከ10 እስከ 30 ፓውንድ ገደማ ነው። ገንዘቡን ወስዶ መስጠት የለም፤ ወር በገባ ቁጥር ራሳቸው ከባንክ ይቆርጡታል። ጡሩንባ ነፊ አያስፈልጋቸውም። መድን ተብሎ ከተሸጠ መንግሥትም 12 በመቶ ግብሩን ከውስጡ ይወስዳል። እኛ ይህን ቤት ስንገዛ ቦይለሩ ከነእርጅናው አብሮ ተሸጦልን ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ በደህናው ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዓመት ያገለግላል፤ የእኛው ወደ ማብቂያው ተጠግቷል። ባለቤቴ ትክ ብላ አየችውና «ይኼ ሽማግሌ አንድ ቀን ይጥለናል» አለች። ውል ገባን።

ጣለን። በጥር፣ ደጁ በረዶ ሆኖ ባደረበት አንድ ጠዋት ጉርጉር አለና ጠፋ። ፊቱ ላይ ቀይ መብራትና አንድ የማይገባኝ ቁጥር በራ። ወደ ኩባንያው ደወልሁ፤ ስልኩ ሙዚቃ ጀመረ። ቁርስ በላን፤ ሙዚቃው ቀጥሏል። በመጨረሻ ትሕትናዋ የሚያስጨንቅ አንዲት ልጅ አነሣችና «ቤት ውስጥ ሕፃን ወይም አዛውንት አለ?» አለችኝ። ልጆቼ ሕፃን ከሚባሉበት ዕድሜ አልፈዋል፤ እኔም ሽበት እንጂ ሽምግልና ገና አልደረሰኝም። የለም አልሁ። «እንግዲያው ከነገ ወዲያ ወይም በማግሥቱ» አለች። ባለቤቴ ከጎኔ ሆና «እናትህን አስመጣ! አሁኑኑ ከይጁቤ አስመጣ!» ትለኛለች።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ናቸው። ጩኸታችንን ሰምተው ይሁን አይተውን፣ በዚያ ብርድ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሰው ብቅ አሉ። ቦይለሩን ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። በጓሮ ዞሩና ከግድግዳው ወጥታ ወደ ፍሳሹ የምትወርድ አውራ ጣት የምታህል ነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ አሳዩኝ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከ2005 ወዲህ (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) እዚህ አገር የሚገጠም ቦይለር የጭሱን እንፋሎት ወደ ውሃነት መልሶ ሙቀቱን የሚቀማ ዓይነት እንዲሆን ሕግ ወጥቷል። ነዳጅ ይቆጥባል፤ ግን ያ ውሃ የሚወጣበት ቀጭን ቧንቧ ደጅ ከሆነ ብርድ ሲበረታ ይረጋል። መውጫ ያጣው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ቦይለሩም ጉርጉር ይልና ራሱን ያጠፋል። ሽማግሌው በማንቆርቆሪያ ለብ ያለ ውሃ አስመጡ፤ «የፈላ እንዳይሆን፣ ቧንቧውን ይሰነጥቀዋል» አሉና ከላይ እስከ ታች አፈሰሱበት። የበረዶ ቁራጭ ተንኳኩቶ ወረደ። ገብተን ቁልፉን ተጭነን ስንይዘው እሳቱ ቦግ አለ። ዋጋው አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃና ሦስት ስኒ ቡና፤ በረካውንም ሳይቀር ጠጥተው ነው የሄዱት።

የኩባንያው ሰው በቀጠሮው መጣ። ቦይለሩ ሲሠራ አይቶ ደስ አለው። ከዚያ ራዲያተሮቹን በመዳፉ ዳበሰ፤ ላዩ ትኩስ፣ ታቹ ቀዝቃዛ። «ውስጡ ዝቃጭ ሞልቷል፤ መታጠብ አለበት» አለ። «እሰየው፣ እጠብልን» አልሁት። «ዝቃጭ ውሉ ውስጥ የለም» ብሎ ወረቀት ሰጥቶን ወጣ።

በዚያው ማታ ውሉን አወጣሁና እስከ መጨረሻው አነበብሁት። እርስዎ ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ስለሆኑ ቢያዩት ይደሰቱበት ነበር፤ ሰሙ በፊተኛው ገጽ በትልቅ ፊደል፣ ወርቁ በኋለኛው ገጽ በደቃቅ ፊደል ነው። ሰሙ «ምንም አታስብ፣ እኛ አለን» ይላል። ወርቁ ሲፈታ፣ ከመግባትህ በፊት የጀመረ ብልሽት አይመለከተንም፤ በገባህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተበላሸም እንዲሁ፤ ዝቃጭና ጠንካራ ውሃ የሚተወው ነጭ ቅርፊት የራስህ ጉዳይ ነው፤ ባለሙያ በተላከ ቁጥር የመጀመሪያዋን 50 ወይም 60 ፓውንድ አንተ ትችላለህ፤ መለዋወጫው ከገበያ ከጠፋ ወይም ቦይለሩ ዕድሜው ከገፋ አዲስ መግዛት ነው። አዲሱ ከነመግጠሚያው ከ2,000 እስከ 3,000 ፓውንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስወጣል። ሁሉም ውል አንድ አይደለም፤ ለአሮጌ ቦይለር መተኪያ ጥቂት የሚያዋጣም አይጠፋም። የእኛው አልነበረበትም።

ልዩነቱ ገባዎት? የእናንተ እድር ሲሞቱ ይመጣል፤ የዚህ አገሩ ምድጃው ሲያስነጥስ ይመጣና ሲሞት ይሰወራል።

ፍርድ ላለማዛባት ግን የእኛም እድር መልአክ አይደለም። ውዝፍ ያለበትን ሰው እርስዎ ራስዎ በመዝገብ አስነብበው «መጀመሪያ ዕዳህን» ሲሉት በዓይኔ አይቻለሁ። የጤና መድኑስ? በ2003 ዓ.ም. በክልላችን ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ላይ መሞከር ሲጀምር ወሬውን ሰምተው «ሳልታመም የከፈልሁት ይመለስልኛል?» ያሉት ማን ነበሩ? አይመለስም። ያልታመመው ለታመመው ካልከፈለ መድን የሚባል ነገር አይቆምም። በዚህ የእንግሊዙንም አልወቅሰውም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሕመም ቤት ያፈርሳል፣ ሞትም በድንገት ወጪ ያመጣል፤ የቦይለር ብልሽት ግን ብርድ ያስመታል እንጂ ማንን አደኸየ?

እስቲ አብረን እናስላ። በወር 20 ፓውንድ በዓመት 240 ነው፤ በ5 ዓመት 1,200፣ የአዲስ ቦይለር እኩሌታ ማለት ነው። ተራ ጥገና ደግሞ በአብዛኛው ከ100 እስከ 400 ፓውንድ ይጨርሳል፤ ቦይለርም በየዓመቱ አይሰበርም። ኩባንያዎቹ ይህን ሒሳብ ከእኔና ከእርስዎ ቀድመው ሠርተውታል። ፍርሃት ደግሞ እንደልብ ይሸጣል፤ ሆምሰርቭ የሚባለውን ትልቅ ኩባንያ የገንዘብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ 2014 ከ30 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የቀጣው እንዲህ ያለውን ውል አለአግባብ በመሸጡና የደንበኛን አቤቱታ በወጉ ባለማስተናገዱ ነበር። ያ ቅጣት በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ብር ስንት እንደሚሆን አያስሉት፤ እንቅልፍ ይነሣዎታል።

ቢሆንም «ሁሉም ሌባ ነው» ብለው በሰንበቴው እንዳያውጁብኝ። 300 ፓውንድ ባንዴ ማውጣት ለሚያስጨንቀው፣ በወር 15 እየከፈለ ለሚያድረው ሰው ነገሩ ይጠቅማል። ብቻዋን ለምትኖር አሮጊትም፣ «ማንን ልጥራ» ብላ ከምትሸበር፣ አንድ የስልክ ቁጥር መያዟ ዋጋ አለው፤ እሷን ደግሞ በሰልፉም ያስቀድሟታል። ፋብሪካው ራሱ 5 ወይም 10 ዓመት ዋስትና የሰጠው አዲስ ቦይለር ያለው ሰው ከከፈለ ግን ለአንድ ሬሳ ሁለት እድር መግባት ነው።

ከሁሉ የባሰው የአክስቴ ልጅ ነው፤ ማንቸስተር ያለው። የተከራየው ቤት ውስጥ ለተሰቀለው ቦይለር እኮ በየወሩ ይከፍላል! በፈረንጆቹ 1985 የወጣው የአከራይና ተከራይ ሕግ ማሞቂያውንና ሙቅ ውሃውን መጠገን የአከራዩ ግዴታ ነው ይላል፤ በ1998ቱ የጋዝ ደንብም አከራዩ በየዓመቱ አስመርምሮ ወረቀቱን ለተከራዩ መስጠት አለበት። ልጁ የአከራዩን ምድጃ በራሱ ኪስ ሲያሞቅ ከርሟል። ስነግረው «እኔ እኮ መልካም ተከራይ ልሁን ብዬ ነው» አለኝ። ቅድመ አያታችን ጭሰኛ እንደነበሩ ያኔ ነው ያመንሁት።

አንድ ወጪ ግን አልቆርጥም፤ የዓመቱን ምርመራ። እዚያ በብርድ ማታ የከሰል ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ የተኛ ሰው እንደሚታፈን ያውቃሉ። በትክክል የማይነድ ቦይለርም የሚያወጣው ያንኑ ሽታ የሌለውን መርዝ ነው፤ ጭስ የለው፣ ዓይን አያቃጥል። ስለዚህ ከፈረንጆቹ 2009 ጀምሮ ጋዝ የሚነካ ሰው ሁሉ ጋዝ ሴፍ በሚባለው መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ መታወቂያውን ሳያሳይ አላስገባም። ለምርመራው 100 ፓውንድ ገደማ እከፍላለሁ፤ ጣራው ላይም መርዙን ሲያሸት የሚጮህ ትንሽ መሣሪያ ሰቅያለሁ። ባለቤቴ እጣን ባጨሰች ቁጥር የሚጮኸው ግን እሱ አይደለም፣ የጭሱ መሣሪያ ነው።

የውሉ ዓመት ሲያልቅ ዋጋ ጨምረው የማደሻ ደብዳቤ ላኩ። ባለቤቴ ደወለችና «ልንወጣ ነው» አለች። ስልኩን ያነሣው ልጅ ወዲያው ቀነሰላት። «አሁንም እንወጣለን» አለች፤ ደግሞ ቀነሰላት። ያደገችው ቅቤ ስታስለካ ነውና ገና እንደሚቀንስ በድምፁ ገብቷታል። «በዚህ ዋጋ መሸጥ ከቻላችሁ እስከዛሬ ለምን አላችሁኝም?» ብላ ዘጋችበት። ከዚያ ወዲህ ያቺው 20 ፓውንድ በየወሩ ባንክ ውስጥ «ቦይለር» የሚል ስም በተሰጠው ሒሳብ ትገባለች፤ ከተጠራቀመው ላይ በመጀመሪያ ዝቃጩ ታጠበ። ሒሳቡ በእሷ ስም ነው። ለፋሲካ በግ ዐይኔን እንዳልጥልበት ከወዲሁ አስጠንቅቃኛለች።

የቀረው የእኔና የእርስዎ ጉዳይ ነው። የይጁቤ እድሬን መዋጮ እናቴ በየወሩ እንደምትከፍልልኝ መዝገቡ ይመሰክራል። ሆኖም «ለቀብር በአካል አልተገኘም» ተብዬ የቀሪ ቅጣት እየተጻፈብኝ ነው አሉ። አጎቴ፣ የሊድሱ ኩባንያ እንኳ ይህን አላደረገብኝም! ጸሐፊውን አዝዘው ያስፍቁልኝ። እምቢ ካለም ለጉባኤው ይግባኝ ብያለሁ። ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ደግሞ አንድ ደህና ቡሉኮ ይላኩልኝ፤ እሱ ውልም ምርመራም አይፈልግም።

ለእትዬ፣ ለንስሐ አባታችን፣ ለሰንበቴው ሙሴና ድንኳን ይተከላል ወይ ብሎ ለጠየቀው ለዚያ ነገረኛም ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

የእህትዎ ልጅ
ከሊድስ