ድንጋይ ተሸካሚው ከሳሽ

የአሜሪካ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ ጠበቆች ምስጋና ይገባቸዋል። እንደነሱ አጭር የሚጽፍ ዐቃቤ ሕግ የት ይገኛል? በጃንዋሪ 2025 ካፒታል ዋን ባንክን ቨርጂንያ ውስጥ ሲከሱ፣ ባንኩ የነባር ቆጣቢዎቹን ወለድ 0.30 በመቶ ላይ አስሮ፣ ስሙ ለሚመሳሰል አዲስ ሒሳብ ግን ከ4 በመቶ በላይ እየከፈለ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወለድ አስቀርቶባቸዋል ብለው ገጽ በገጽ ዘርዝረው ነበር። በፌብሩዋሪ ራስል ቮት በተጠባባቂነት በቢሮው ዳይሬክተር ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወሩ ሳያልቅ ያ ሁሉ ዝርዝር በጥቂት መስመር ተቋጨ፤ ከሳሽ ክሱን ትቷል፣ ዳግመኛም አያነሳውም። ምክንያቱን መጻፍ ደግሞ ቀለም መጨረስ ነው።

ይህ ግን ማሟሟቂያ ነው። ጥበቡን ማየት የሚሻ የቺካጎውን የታውንስቶንን መዝገብ ያስወጣ። ይህ የቤት ብድር ድርጅት በሬዲዮ ፕሮግራሙ ጥቁሮችን ከብድር የሚያሸሽ ንግግር አሰምቷል ተብሎ የተከሰሰው በ2020፣ በራሳቸው በፕሬዚዳንት ትራምፕ የመጀመሪያ የሥልጣን ዘመን ነው። ቢሮው በ2024 በይግባኝ ረታ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ታውንስቶን ጥፋቱን ሳያምን 105,000 ዶላር ሊቀጣ ተስማማና መዝገቡ ተዘጋ። በማርች 2025 ከሳሹ ተመልሶ ብቅ አለ። በእኛ ሽምግልና ድንጋይ ተሸክሞ ማሩኝ የሚለው በዳይ ነበር፤ እዚህ ግን ከሳሹ ተሸከመው። ከተከሳሹ ጋር በአንድ አቤቱታ ቀርቦ፣ ክሱ ድሮም መሠረት አልነበረውም፣ ስምምነቱ ይፍረስ፣ ቅጣቱም ይመለስለት አለ።

ደስታውን ያበላሹት ዳኛው ናቸው። ፍራንክሊን ቫልደራማ በጁን ጥያቄውን ውድቅ አደረጉ፤ ያለቀ ነገር አልቋል ብለው። ከሳሽና ተከሳሽ ተቃቅፈው ሲመጡ ዳኛ ምን አገባው? ሰውየው ከሳሹ የረታውን ክስ ከራሱ ከከሳሹ ሲከላከሉ ዋሉ።

ቢሮው ሲከሰስም ጨዋ ነው። 15 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ያለባቸው 49 ቢሊዮን ዶላር የሚያህል የሕክምና ዕዳ ከክሬዲት ሪፖርታቸው እንዲወጣ ያዘዘው መመሪያ የራሱ የቢሮው ነበር። የክሬዲት መረጃ ነጋዴዎች ቴክሳስ ላይ ሲከሱት መከራከር ነውር መስሎት፣ አዎን፣ መመሪያዬ ከሕግ ውጭ ነው ብሎ ከከሳሾቹ ጎን ተሰለፈ። በጁላይ 2025 መመሪያው ተሻረ። ቢሮው ተረታ፤ የለመነውም ተፈጸመለት።