የፓራምፕ መንገድ

ከላስ ቬጋስ በስተምዕራብ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው ፓራምፕ ወይን ትጠምቃለች ብላቸው ጋሼ አላመኑም። ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ በረሃውን ያውቁታል። ለእሳቸው ወይን ማለት የዝዋይ ነው። የወይን አምራቹ ካስቴል እ.ኤ.አ. በ2007 ተክሎ፣ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ያስቆፈረለትን እርሻ እንደ አባታቸው ርስት ነው የሚያወሩት። «ሐይቅ በሌለበት ምን ወይን አለ?» አሉኝ። እንሂድና እንየው አልኳቸው። ጊዜው ፍልሰታ፣ መኪናዋ የእሳቸው አሮጌ ካምሪ።

በ160 አውራ ጎዳና ተራራውን እስክንጀምር ደህና ነበረች። የማውንቴን ስፕሪንግስ አናት ከባሕር ወለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ነው፤ ከዝዋይ ብዙም አይበልጥም፣ ዳገቱ ግን ሌላ ነው። የሙቀቱ ቀስት ቀዩን ነካ። ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን እስከ ጥጉ ከፈትኩት፤ የሞተሩን ግለት ወደ እኛ መሳብ ነው ዘዴው። ጋሼ መጀመሪያ ኮታቸውን አወለቁ፣ ቀጥለው የሸሚዛቸውን ቁልፎች ፈቱ፣ ቀጥለው «ልጄ» ማለቱን ትተው «አንተ ሰውዬ» ይሉኝ ጀመር። በመጨረሻ ዳር ይዘን ራዲያተሩ ማፏጨቱን እስኪተው ጠበቅን። እዚያ አስፋልት ላይ ጥላ የሚባል ነገር የለም።

ወይኑ ለምን እዚህ ድረስ መጣ? ኔቫዳ እስከ 2015 ድረስ ሕዝባቸው ከመቶ ሺህ በሚበልጥ ካውንቲዎች ወይን መጥመቂያ እንዳይከፈት በሕግ ከልክላ ነበር። የቁማር ማሽን በየነዳጅ ማደያው የሚገተርበት አገር፣ ወይን ጠማቂን ወደ ገጠር አባረረ! የፓራምፕ ቫሊ ወይን መጥመቂያም በ1990 የተቋቋመው ቀድሞ ጥጥ ይዘራበት በነበረው በዚህ ሸለቆ ነው። ከተማዋ ራሷ ከንቲባ እንኳ የላትም፤ የምትተዳደረው በናይ ካውንቲ ነው። እኔ ግን ከላስ ቬጋሱ ስትሪፕ መብራት ይልቅ አቧራዋ ይሻለኛል።

ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ጋሼ ጾሙ ሰዓቱን ስለጠበቀላቸው ለራዲያተሩ ይቅርታ አደረጉለት። የምትቀዳው ልጅ ነጩን ስታቀርብ ግን ብርጭቆውን በእጃቸው ጋረዱ።

«በእንቁላል አስኳል ነው በነጩ ነው የሚያጠሩት ይባላል፤ ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩ። ልጅቷ ግራ ገብቷት ወደ ጓዳ ገባች፤ ስትመለስ ይኼኛው የሚጠራው ቤንቶናይት በሚባል የሸክላ አፈር ነው አለች። ተረጎምኩላቸው።

«አፈር የጾም ነው» አሉና ብርጭቆውን አነሱ። ለእኔ የመኪናውን ቁልፍ አቀብለው ውሃ አዘዙልኝ።