በተማሪ ድርሰት ውስጥ የአቋም ዓይነቶችና ጠባዮቻቸው

አቋም በአሳማኝ ድርሰት መግቢያ ላይ ጸሐፊው የሚሟገትለትን ሐሳብ የሚያስታውቅ ዓረፍተ ነገር ነው። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ንግግር ጥበብ በጻፈው መጽሐፉ፣ ለንግግር የግድ የሚያስፈልጉት ጉዳዩን መግለጽና እሱንም ማስረዳት ብቻ መሆናቸውን ሲያስተምር፣ የመጀመሪያውን ዘሎ ሦስት ገጽ የሚሞላ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ይነሣል ብሎ የጠረጠረ አይመስልም።

«ከገጠርና ከከተማ ኑሮ የቱ ይሻላል?» በሚለው ነባር የኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ርእስ ላይ የሚጻፉ ድርሰቶች ሲመረመሩ፣ አቋም በሦስት ይከፈላል። ቁርጥ አቋም ብርቅ ስለሆነ እዚህ አይተነተንም። ስውር አቋም ደግሞ ጸሐፊው ከሰው ልጅ አፈጣጠር ተነሥቶ ወደ ጉዳዩ ሊገባ ሲል ደወል የሚደወልበት ነው።

ሰፊ ምርምር የሚገባው ሦስተኛው፣ «ሁለቱም» የሚባለው ነው፤ ይህም የገጠርም ሆነ የከተማ ኑሮ የየራሱ ጥቅምና ጉዳት እንዳለው አውጆ ማንንም ሳያስቀይም የሚያልፍ ነው። አንዱ ንዑስ ዓይነቱ፣ አዘንባይ ሁለቱም፣ ወተት ከላስቲክ ሲቀዳ እንጂ ከጡት ሲታለብ ባላየ የከተማ ልጅ የሚዘወተር ሲሆን፣ ለገጠር ንጹሕ አየር፣ ማርና ቅቤ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥቶ መብራትንና ሆስፒታልን በግማሽ መስመር ይሸኛል። ተገላባጭ ሁለቱም ግን የሚመደበው በውስጡ ባሉት «ይሁን እንጂ»ዎች ብዛት ነው፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ «ይሁን እንጂ» ከገጠር የተነሣውን ጸሐፊ ወደ ማዶ ስለሚያሻግረው፣ ቁጥሩ ጎዶሎ ከሆነ ከተማ ያድራል፣ ሙሉ ከሆነ ገጠር ይመለሳል። ባለ አራቱ «ይሁን እንጂ» ከባለ ሁለቱ የሚለየው በወረቀት ፍጆታ ብቻ ነው። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ይሁን እንጂ»ን ከ«ቢሆንም» ጋር ያጣመረ ጸሐፊ የት እንዳደረ ለማወቅ አይቻልም።

ለዚህ ደዌ መምህራን ያላቸው መድኃኒት ቀላል ነው፦ ጤነኛ ሰው ተነሥቶ «አይደለም» ሊለው የማይችል ዓረፍተ ነገር አቋም አይባልም። «የከተማ ኑሮ ጥሩ ጎን አለው» የሚለውን የሚቃወም የለም፤ «ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በእግር ስለሚደረስበት፣ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ከተማ ይሻላል» የሚለው ግን ወዲያው ተከራካሪ ያስነሣል። ችግሩ ይህ ምሳሌ ሰሌዳ ላይ በተጻፈ ማግስት የክፍሉ ሁሉ አቋም ሆኖ መገኘቱ ነው፤ ለገጠር ሊሟገት የተመደበው ቡድን ጭምር ቃል በቃል ገልብጦታል። የአቋም ምደባው ሁሉም አንድ አቋም ሲይዝ ስለሚፈርስ ወደ መምህሩ ቀይ እስክሪብቶ ማለፍ ይሻላል፤ እሱም በኅዳጉ «አቋምህ የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ ተማሪውም ድርሰቱን በንጹሕ ወረቀት ገልብጦ፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ «አቋሜ ሁለቱም ነው» ብሎ ጽፎ ከሥሩ በማስመሪያ ያሰምርበታል።